የቀነሰው ኪሎ እንዳይመለስ፦ ኬቶ፣ በሰዓት መብላት፣ ካሎሪ መቁጠር ወይስ የቤታችን ገበታ?

ከሠርጌ በፊት በሦስት ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ። እንጀራ ተውኩ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ሁሉንም ተውኩ። ቬሎው ልክክ አለልኝ። ያየኝ ሁሉ "እንዴት አድርገሽ ነው?" ይለኝ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ግን 9ኙም ኪሎ ተመለሰ፤ ሌላ 2 ኪሎም አስከትሎ።

ያኔ ራሴን ብዙ ወቀስኩ። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ ስንፍና አልነበረም። የመረጥኩት አመጋገብ ኪሎ ያወርዳል፤ ከእኔ ኑሮ ጋር ግን አይሄድም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት አልቻልኩም። ሁዳዴ ሲገባ የምበላው ጠፋኝ። እናቴ ቤት ስሄድ "በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ" ስትለኝ እምቢ እላለሁ፤ እሷ ታዝናለች፣ እኔም እከፋለሁ። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት ይኖራል?

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን መንገዶች አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ ጥናቶቹንም አነበብኩ። ይህን የምጽፈው እኔ ያኔ እንደነበርኩት ግራ ለገባችሁ ነው። አንዱ ኬቶ ይላችኋል፣ ሌላው ቁርስ ተዉ ይላችኋል፣ ጎረቤት ደግሞ በባዶ ሆድ ሎሚ ጠጡ ይላል። በመጀመሪያ መለኪያችንን እንያዝ፤ ከዚያ እያንዳንዱን እንመዝነው።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

"የሚያወፍረው ስብ ነው ወይስ ካርቦሃይድሬት?" የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ፈጅቷል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ግማሹ ስብ ቀነሰ፤ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። ውጤቱ የወጣው በ2018 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ሰፊው ልዩነት የታየው በየቡድኑ ውስጥ ነው። በአንዱም በሌላውም ቡድን ከ25 ኪሎ በላይ የቀነሰ ሰው ነበር፤ ጭራሽ የጨመረም ነበር።

ለእኔ ዓይን የገለጠልኝ ግን የእስራኤሉ ጥናት ነው። በዲሞና፣ በአንድ የሥራ ቦታ፣ 322 ሰዎች ሦስት ዓይነት አመጋገብ ለሁለት ዓመት ተከተሉ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ስብ የቀነሱት 2.9 ኪሎ፣ የሜዲትራኒያን አመጋገብ የያዙት 4.4 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 4.7 ኪሎ ወርደው ነበር። እዚህ ላይ ብናቆም ካርቦሃይድሬት መቀነስ አንደኛ ወጣ እንላለን። ተመራማሪዎቹ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ሰዎቹን እንደገና መዘኗቸው። በስድስተኛው ዓመት ሜዲትራኒያኑ 3.1 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት መቀነሱ 1.7 ኪሎ፣ ስብ መቀነሱ 0.6 ኪሎ ብቻ ይዘው ተገኙ። ባቄላ፣ አትክልት፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ያለበት፣ ምንም ነገር ጨርሶ የማይከለክለው አመጋገብ ነው የቆየው።

ኪሎ ለምን ይመለሳል? ሰውነት ሲያንስ የሚፈልገው ምግብም ያንሳል፤ ትናንት ያቀጠናችሁ መጠን ዛሬ ባላችሁበት ያቆማችኋል። በዚያ ላይ ረሃብ ይጨምራል። በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ካሎሪ አበላ። ከዓመት በኋላ ሲለካ ረሃብ የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። እናም ኪሎ የተመለሰበት ሰው ሆዳም ስለሆነ አይደለም። ሰውነቱ እየተከላከለ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው አመጋገብ ይህን ረሃብ ለዓመታት የሚያስታግስ መሆን አለበት።

መለኪያችን

እኔ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ከሁሉም ይበልጣል፦ ከሦስት ዓመት በኋላ እንዲህ ስበላ ይታየኛል ወይ? በፋሲካ ማግስት፣ ሐዘን ቤት፣ የልጅ ልደት ላይ፣ ሥራ በዝቶ ሳመሽ። መልሱ "እስክቀንስ ድረስ ብቻ ነው" ከሆነ ኪሎውም እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚወርደው።

ሁለተኛው፦ ያጠግባል ወይ? የሚያጠግበው ፕሮቲንና ፋይበር ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ጎመን። ጁስና ብስኩት አያጠግቡም።

ሦስተኛው፦ ከቤተሰቤ ጋር ከአንድ ትሪ ያስበላኛል ወይ? ይህ ለፈረንጅ ትንሽ ጥያቄ ነው። ለእኛ ትልቅ ነው። ለብቻ እየተሠራ የሚበላ ምግብ በሁለተኛው ወር ይሰለቻል።

ከዚያ ወጪው። በመጨረሻም ጤናው፦ ያለብኝን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ ወይም ኩላሊት አያባብስብኝም ወይ?

ኬቶና ካርቦሃይድሬት መቀነስ

ኬቶ አዲስ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን ሕክምና ሆኖ የመጣ ነው። ካርቦሃይድሬት አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ50 ግራም በታች ይወርዳል፤ ሰውነት በምትኩ ስብ ያነዳል። እኔ ቤት የሚጋገረውን እንጀራ በኩሽና ሚዛን መዝኜው ነበር፤ አንዱ 330 ግራም ገደማ መጣ። የእሱ ግማሽ ብቻ የቀኑን ኮታ ይጨርሳል። እንግዲህ ኬቶ ማለት ያለ እንጀራ መኖር ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት 2 ወይም 3 ኪሎ ሲወርድ ሰው ይደሰታል። እኔም ተደስቼ ነበር። አብዛኛው ግን ውሃ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። አንድ ቀን እንጀራ ስትበሉ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ "አበላሸሁት" ብላችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ውሃው እንጂ ስቡ አይደለም የተመለሰው።

ጥሩ ጎን አለው። ብዙ ሰው ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ዓይነት ሁለት ስኳር ላለበት ሰው የደም ስኳሩን ቶሎ ያወርዳል። ችግሩ ከኑሮ ጋር ያለው ጠብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ አቮካዶ፣ ለውዝ በየቀኑ መግዛት ለብዙ ቤት አይቻልም። ለሚጾም ኦርቶዶክስ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም ማለት ይቀላል፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሽሮና ምስር ምን ይቀራል?

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊበንክላሚድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ካርቦሃይድሬት በድንገት ብትቀንሱ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ይህ ያደነዝዛል፣ ይጥላል። መጀመሪያ ሐኪማችሁ መድኃኒቱን ያስተካክል።

መካከለኛው መንገድ ማለትም እንጀራን ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ ማውረድ ከኬቶ የተሻለ ይመስለኛል። ስለዚያ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በሰዓት መብላት

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ የሚሉት ነው። የተለመደው በቀን 16 ሰዓት ከምግብ ታቅቦ በ8 ሰዓት ውስጥ መብላት ነው፤ ለምሳሌ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት። ሌላው አንድ ቀን በጣም ጥቂት እየበሉ በማግስቱ እንደልብ መብላት ነው።

እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ልምዱ አለው፤ ረመዳንን የሚጾመውም እንደዚያው። ስለዚህ ብዙ ሐበሻ ከየትኛውም ዘዴ ይልቅ ይህኛው ይቀለዋል። ወጪ አይጨምርም። የሚበላው የቤት ምግብ ነው።

ግን ተአምር የለውም። በቻይና ጓንግጁ ከተማ 139 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2022 የወጣ ጥናት አለ። ሁሉም በዓመቱ ውስጥ እኩል ካሎሪ እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ በሉ። በሰዓት የበሉት 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ የሚያሳምን አልሆነም። የሚያቀጥነው ሰዓቱ ራሱ አይደለም። ሰዓቱ የማታውን ኩኪስና የሌሊቱን ፍርፍር ስለሚያስቀር ነው። አንድ ቀን እያለፉ መጾሙ ደግሞ ይከብዳል። በአሜሪካ በ100 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት እንዲህ ከጾሙት ከመቶ 38ቱ አቋርጠውታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከቀነሱት ያቋረጡት ከመቶ 29 ናቸው።

እኔ ስድስት ወር ያህል ይዤዋለሁ። የተማርኩት ይህ ነው፦ 16 ሰዓት የጾመ ሰው እጁ ትሪው ላይ ፈጣን ነው። ጾሙን በሻይና በዳቦ ከፈታችሁት ቀኑን ሙሉ ያተረፋችሁት በአንድ መቀመጫ ያልቃል። በምስር፣ በእንቁላል ወይም በሾርባ ስትፈቱት ግን ረጋ ትላላችሁ።

ጨጓራ የሚያስቸግራችሁ፣ እርጉዞች፣ የምታጠቡ፣ ከዚህ በፊት ራሳችሁን በረሃብ የመቅጣት ወይም በልቶ የማስመለስ ችግር የነበረባችሁ፣ ይህን ተዉት።

ካሎሪ መቁጠር

በስልክ መተግበሪያ የበሉትን ሁሉ እየመዘገቡ መቁጠር ነው። ለእኛ የመጀመሪያው እንቅፋት ከአንድ ትሪ አራት ሰው ሲበላ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። መተግበሪያው ውስጥ ያለው "እንጀራ"ም የማን ቤት እንጀራ እንደሆነ አይናገርም።

ሆኖም ሁሉም ሰው ለአንድ ወር ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ዕድሜ ልክ የሚኖሩበት አይደለም፤ ግን እንደ ትምህርት ቤት ይጠቅማል። እኔን ያስተማረኝ ስለ ዘይት ነው። ቤቴ ያለው ሲኒ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሽሮ ላይ አንድ ሲኒ ዘይት አፈስ ነበር። ያ ብቻውን ከ550 ካሎሪ በላይ ነው። አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ቅቤውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለ ስኳርም ተማርኩ፦ በቀን አራት ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 190 ካሎሪ ያህል ይሆናል። አያጠግብም፣ አይታወስም።

ሁልጊዜ ቁጥር ሲያዩ ለሚጨነቁ ሰዎች ግን አልመክርም።

የጾም ምግብ ብቻ መብላት

"እንስሳ ነክ ትቼ ጾም ጾም ብበላ እቀጥናለሁ" የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ከዚያው ሰው ደግሞ "ሁዳዴን ጾሜ ወፈርኩ" የሚል ይመጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጎመን፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ፎሶልያ፣ ተልባ፣ ሱፍ፤ ይህ በፋይበር የተሞላ፣ ርካሽ፣ የሚያጠግብ ምግብ ነው። ከዲሞናው ሜዲትራኒያን አመጋገብ ብዙም አይርቅም። የከተማው ጾም ግን አሁን ሌላ ሆኗል። ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ የጾም ኬክ፣ ሐላዋ በዳቦ፣ ፓስታ በስጎ፣ በዘይት የሚዋኝ ሽሮ ተጋቢኖ። በ2019 የወጣ የኬቪን ሆል ጥናት 20 ሰዎችን ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ባልተቀነባበረ ምግብ አቆየ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና ፋይበር ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ። ስለዚህ "ጾም ነው" የሚለው ቃል ብቻውን አያቀጥንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጤፍ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ይህ ማለት ግን አያወፍርም ማለት አይደለም።

የቤታችንን ገበታ ማስተካከል

እኔ የቆየሁበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። አዲስ ምግብ የለበትም። የተከለከለም የለም። የሚቀየረው መጠኑና ቅደም ተከተሉ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከምትበሉት ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ሌላ እህል ይሁን። የእኛ ትሪ በተለምዶ ተገላቢጦሽ ነው። እንጀራው ከታች ተነጥፎ ከጎን ተጠቅልሎ ይቀርባል፤ ጎመኑ ጥግ ላይ አንድ ጭልፋ ነው።

እንጀራውን ከመቀመጤ በፊት እለያለሁ። ግማሽ ከሆነ ግማሽ፤ ጭማሪ ከመሶቡ አላነሳም። ወጥ ግን እጨምራለሁ። ጎመንና ሰላጣን መጀመሪያ እበላለሁ፤ ምስሩ ቀጥሎ ይመጣል። ከታች ወጡን የጠጣውን እንጀራ እተወዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር፤ የሚጣፍጠው እሱ ነውና። ግን ዘይቱ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ምግብ ማብሰሉ ላይ እናቶቻችን ጥሩ ልማድ ነበራቸው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያበስሉታል፤ ዘይቱ ወይም ቅቤው የሚገባው በኋላ ነው። ያንን ወደ ሽሮና ምስሩም አመጣሁት። ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ለአራት ሰው ሦስት ሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱን ከጠርሙስ አላፈስም፤ በማንኪያ እለካለሁ። ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ከማንኛውም ዳይት በላይ ረድቶኛል።

ቡናው ላይ ፈንዲሻና ቆሎ ይቀርባል። በትንሽ ሳህን የራሴን አነሳለሁ። ሻዬን ከሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ምንም አወረድኩ፤ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ አሁን በስኳር ቢሰጡኝ አልወደውም። ድራፍት የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 140 ካሎሪ አለው፤ አራቱ አንድ ጥሩ ምሳ ናቸው፤ ጥብሱ ሳይቆጠር።

ድክመቱ ዘገምተኛነቱ ነው። እኔ በ14 ወር 8 ኪሎ ቀነስኩ። ወር ሙሉ ምንም ሳይንቀሳቀስ የቀረበት ጊዜም ነበር። ሠርግ ለደረሰባት ሙሽራ ይህ አያስደስትም። ግን ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ2 ኪሎ በላይ አልጨመርኩም። ባለቤቴም ከአንድ ትሪ አብሮኝ ስለሚበላ ሳያስበው ቦርጩ ቀንሷል።

ጁስ፣ "የሚያቀጥን ሻይ" እና መርፌው

የጁስ ጾምና ሆድ የሚያስቀምጥ ሻይ ውሃ ነው የሚያስወጡት። በገንዘባችሁ ምስር ግዙ።

መርፌው ሌላ ጉዳይ ነው። ሴማግሉታይድ የሚባለው መድኃኒት በትልቅ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደት 15 ከመቶ ያህል አውርዷል። ነገር ግን ካቆሙት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደው ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፤ ከማይታወቅ ሻጭ የሚገዛ አይደለም። የሚወስደውም ሰው ቢሆን የሚበላውን ማስተካከሉ አይቀርለትም።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| መንገድ | ያጠግባል? | ከጋራ ትሪ ጋር | ወጪ | በጾምና በበዓል | ለዓመታት ይቆያል? | ማን ይጠንቀቅ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኬቶ | በደንብ | አይስማማም | ከፍተኛ | በጣም ይከብዳል | ለጥቂቶች | ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕሙማን፣ እርጉዞች |
| በሰዓት መብላት | እንደ አፈታቱ | ይስማማል | አይጨምርም | ይስማማል | ለለመደው ሰው አዎ | ጨጓራ ያለባቸው፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ |
| ካሎሪ መቁጠር | እንደሚበሉት | ያስቸግራል | የለውም | ይቻላል | ለወር ትምህርት ይሻላል | ቁጥር የሚያስጨንቃቸው |
| የጾም ምግብ | ጥራጥሬው አዎ፣ ዳቦው አይ | ይስማማል | ዝቅተኛ | የተሠራው ለዚያ ነው | ዘይቱ ከተለካ አዎ | ሁልጊዜ የሚጾሙ ስለ ቪታሚን ቢ12 ይጠይቁ |
| የቤት ገበታ ማስተካከል | በደንብ | ይስማማል | ዝቅተኛ | ይስማማል | አዎ | የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እየለኩ |

የቱ ለማን?

*ገንዘብ ለሚያጥራችሁ።* ገበታችሁን አስተካክሉ። ምስር፣ ክክና ጎመን ከሥጋ ይረክሳሉ፤ ዘይትና ስኳር ስትቀንሱ የወር ወጪያችሁም ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ የሚገዛ ነገር የለም።

*አጽዋማትን ለምትጾሙ።* ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማሉ። ግማሽ ዓመት የሚከለከል ነገር ላይ የተመሠረተ ዳይት አትምረጡ። የጾሙን ምግብ ራሱን ዋና አድርጉት፤ ዘይቱን ለኩ። አደገኛዋ ሳምንት የፋሲካ ሳምንት ናት። በ55 ቀን የወረደ ኪሎ በአሥር ቀን ሲመለስ አይቻለሁ። ለዚያች ሳምንት አስቀድማችሁ አስቡ፦ ዶሮውም ይበላ፣ ጎመኑ ግን ከትሪው አይጥፋ።

*ረመዳንን ለምትጾሙ።* ሰው በወሩ ውስጥ ትንሽ ይቀንስና ከዒድ በኋላ ይመልሳል። ፉጡርን በቴምርና በሾርባ ከፍታችሁ ሳምቡሳውን ቁጠሩት። ሱሑር ላይ እንቁላል ወይም ፉል ከዳቦ ይልቅ ያቆያል።

*ስኳር አለባችሁ ለተባላችሁ።* ከሐኪም ጋር ሆናችሁ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ለእናንተ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይችላል። በ2017 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት በቀን ወደ 850 ካሎሪ ብቻ ለ3 እስከ 5 ወር ተሰጥቷቸው፣ ከዚያ በክትትል ወደ መደበኛ ምግብ ከተመለሱት ዓይነት ሁለት ሕሙማን መካከል 46 ከመቶው ከዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከስኳር በሽታ ደረጃ በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህ ቤት ውስጥ ለብቻ የሚሞከር አይደለም። ግን ተስፋ አለ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

*በአሜሪካ ሌሊት ለምትሠሩ።* መኪና ውስጥ ለምትበሉ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነዳጅ ማደያ ካለ ሱቅ ለምትገዙ፣ ችግራችሁ የሚወሰደው ምግብ አለመኖሩ ነው። እሑድ ምስርና ጎመን ሠርታችሁ በየዕቃው ከፋፍሉት። በሰዓት መብላትም ይስማማችኋል፤ ሰዓቱን ግን ከእንቅልፋችሁ ከተነሳችሁበት ጀምራችሁ ቁጠሩት። እዚያ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ጤፉ ከሌላ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ነው፤ "ጤፍ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ።

*በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች።* የምትበሉትን እናንተ አትመርጡም። ሩዙ ይቀርባል፣ በዘይት ነው። በእጃችሁ ያለው መጠኑ ነው። ሰላጣውንና ሥጋውን ወይም ምስሩን አስቀድሙ፤ ሩዙን በትንሽ ሳህን ውሰዱ፤ ለስላሳውን በውሃ ለውጡ። ምግብ ተከልክላችሁ እየከሳችሁ ከሆነ ግን እሱ ዳይት አይደለም፤ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

*ሠርግ ለደረሰባችሁ።* እውነቱን ልንገራችሁ፦ ኬቶ ለሠርጉ ያደርሳችኋል። ከያዛችሁት ግን ከሠርጉ በፊት ስለ ማግስቱ ወስኑ። እንጀራውን በየሳምንቱ በሩብ በሩብ እየጨመራችሁ ወደ ግማሽ መልሱና እዚያ አቁሙ። እኔ ይህን አላደረግኩም፤ በአንዴ ነው ወደ ድሮው የተመለስኩት።

ከቀነሰ በኋላ

በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የቀነሱበት መንገድ ይለያያል። ያቆዩበት ግን ይመሳሰላል፦ አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ በብዛትም በእግር ይሄዳሉ፤ ራሳቸውን ቶሎ ቶሎ ይመዝናሉ፤ በሥራ ቀንና በእረፍት ቀን አበላላቸው አይራራቅም።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት እመዘናለሁ። ከያዝኩት ኪሎ 2 ሲያልፍ ወደ ማንኪያውና ወደ ግማሽ እንጀራው እመለሳለሁ፤ 10 እስኪሆን አልጠብቅም። ሚዛን የሌላችሁ ወገባችሁን በሜትር ለኩ። ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ቢሆን ጥሩ ነው፤ 160 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ከ80 በታች ማለት ነው።

የመረጣችሁትን ለአሥራ ሁለት ሳምንት ሞክሩት። በወር 1 ወይም 2 ኪሎ ከወረደ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አትለውጡት። አራት ሳምንት ሙሉ ወገባችሁም ሚዛኑም ካልተነቃነቀ በመጀመሪያ ዘይቱን፣ ስኳሩንና መጠጡን ለሦስት ቀን ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይገኛል። ይህም ሆኖ ካልወረደ፣ በተለይ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የወር አበባ መዛባት ካለ፣ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ጠይቁ። ምንም ሳትሞክሩ ኪሎ የሚወርድባችሁ ደግሞ ደስ ብሏችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።